በካሜራው ላይ ያልታየችው ቀኝ እጄ

አጥንታችሁ ተሰብሮ፣ ጄሶ ታስሮ፣ ጄሶው ተፈትቶ «ድናችኋል» ከተባላችሁ በኋላ እጃችሁ በአንድ ጊዜ እሳትም በረዶም ከሆነባችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። የተማርሁት አምስተኛ ክፍል ድረስ ስለሆነ የሐኪም ነገር አላስተምርም። ያየሁትን ግን እናገራለሁ። ያየሁትም ሰው በገዛ ዓይኑ አያለሁ ብሎ የማያስበውን ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙ በማይርቅ ሰፈር፣ ቤቴ ሹሩባ እሠራለሁ። የወደቅሁት ክረምት ላይ ነው። ከባጃጅ ስወርድ ጭቃው አዳለጠኝና በቀኝ መዳፌ መሬቱን ተደገፍሁት። የእጄ አንጓ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ራጅ ተነሣሁ፣ ጄሶ ታሰረልኝ፣ ስድስት ሳምንት ቆየሁ። እስከዚህ ድረስ የማንም ሰው ታሪክ ነው።

ጄሶው በተፈታ ቀን እጄን አላወቅኋትም። አብጣለች፣ ቆዳዋ ያብለጨልጫል፣ መልኳ አመድ መስሏል። ሌላ ሰው ሲዳስሳት ትቀዘቅዛለች፤ ለእኔ ግን ውስጧ ይነዳል። የነጠላዬ ጫፍ እንኳ ሲነካት እጮኽ ነበር። ልጄ ሶስና ያኔ አራት ዓመቷ ነው። ልታቅፈኝ እየሮጠች ስትመጣ እጄን ወደ ኋላ ደብቄ «በግራ በኩል ነይ!» እላታለሁ። ብዙም ሳይቆይ ማንም ሳይነግራት በግራዬ ብቻ መሄድ ለመደች። ሹሩባ በአንድ እጅ አይሠራም፤ ደንበኞቼም አንድ በአንድ ወደ ሌላ ሄዱ። የሚያስጨንቀኝ ግን ከሥራውም በላይ፣ ይህች ልጅ ሳታቅፈኝ ልታድግ ነው ወይ የሚለው ነበር።

የመጀመሪያው ክሊኒክ «ሪህ ነው» ብሎ ክኒን ሰጠኝ። ሁለተኛው ደሜን መርምሮ «ደምሽ ንጹሕ ነው፤ ጭንቀት ነው» አለኝ። ሦስተኛው ራጁን ወደ መስኮቱ አንሥቶ አየና «አጥንቱ ግጥም ብሏል፤ እጅሽን ያላንቀሳቀስሽ አንቺ ነሽ» ብሎ ተቆጣኝ። ሰፈርተኛው ደግሞ በአንድ ድምፅ «ብርድ ነው» አለ። መስኮት ዘጋሁ፤ ዝንጅብል በነጭ ሽንኩርት ቀቅዬ ጠጣሁ፤ በሞቀ ቅቤ አሸኋት፣ ማለትም ሊያሹልኝ ሲነኩኝ ጮኼ አስተውኋቸው።

ከዚያ የባለቤቴ አጎት አንበሳሜ ያሉ ወጌሻ ዘንድ ወሰዱኝ። ወጌሻው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ እንደሚያውቁት ሊረዱኝ ነው የፈለጉት። «ጅማት ዞሮብሻል» ብለው አንድ ጊዜ ሲጎትቱት ራሴን ሳትሁ። ስነቃ ውኃ እያርከፈከፉ «አይዞሽ ልጄ፣ ገባ» ይሉኛል። አልገባም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሕመሙ እስከ ክርኔ ወጣ። እንዲህ ያለ እጅ ያላችሁ ማንም እንዲጎትትላችሁ አትፍቀዱ።

ባለቤቴ ሙሉቀን በርና መስኮት በያጅ ነው። ታጋሽ ሰው ነው፤ እሱም ግን ደከመው።

«የሺ፣ ራጁ ድኗል ይላል፤ ሐኪሙ ድኗል ይላል። ማንን ልመን?»

«እኔን!»

«አንቺማ ሶስና ባስነጠሰች ቁጥር የሳንባ ምች ነው ብለሽ ሐኪም ቤት የምትሮጪ ሰው ነሽ።»

እውነቱን ነው፤ ፈሪ ነኝ። ፈሪ ሰው አንድ ቀን እውነተኛ ነገር ሲደርስበት የሚያምነው እንደማያገኝ ያን ጊዜ ተማርሁ።

በአራተኛው ወር አንድ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ደረስሁ። ሰውየው እጄን አልነካትም። ሁለቱንም ጎን ለጎን አስቀምጬ እንድተው ጠየቀኝና ብዙ አያት። የበሽታው ስም ረጅም ስለሆነ አልያዝሁትም። ሲያስረዳኝ ግን እንዲህ አለኝ፦ «ስብራቱ ድኗል፤ ነርቮችሽ ግን መዳኑን አልሰሙም። አደጋው ዛሬም ያለ ይመስል ይጮኻሉ፤ የደም ሥሮችሽንም ያጠብባሉ።» ወደ ሆስፒታሉ ፊዚዮቴራፒ ክፍል፣ ማለትም በእጅ እያሹና እያለማመዱ ወደሚያክሙበት ላከኝ።

እዚያ ያገኘሁት ይበልጣል የሚባል ወጣት ነው። «ዶክተር» ስለው «ዶክተር አይደለሁም፤ ‘አንተ’ በይኝ፣ ታናሽሽ ነኝ» አለኝ። እሱም እንደ ታላቅ እህቱ «እታበባ» ይለኝ ጀመር። እየሠራ ይማራል። በእጅ ሲታሽ የሰው ሰውነት ምን እንደሚመልስ ሊያጠና፣ ከሚማርበት ቦታ የሙቀት ካሜራ ተውሶ ነበር። የጥናቱን የፈቃድ ወረቀት ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። «ብትፈልጊ ጥናቱ ውስጥ ትገቢያለሽ፤ ባትፈልጊም ሕክምናሽ አይቀርም» አለኝ።

«ጨረር አለው?»

«የለውም።»

«ልጅ የምታቅፍ ሴት ነኝ፤ አሁን ባላቅፍም። እርግጠኛ ነህ?»

«እታበባ፣ ይህ ካሜራ ወደ አንቺ ምንም አይልክም። ከአንቺ የሚወጣውን ሙቀት ይቀበላል እንጂ።»

ከሰውነቴ የሚወጣ ነገር እንዳለ የዚያን ቀን ሰማሁ።

ሕጉ ብዙ ነበር። ፎቶ በሚነሡበት ቀን ቅቤም ቅባትም መቀባት የለም፤ ትኩስ ነገር መጠጣት የለም፤ እጅ በሙቅ ውኃ መታጠብ የለም። ፎቶው ከመነሣቱ በፊት መስኮቱ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ክንድን ገልጦ፣ እጅን ከእጅ ሳያነካኩ ሩብ ሰዓት መቀመጥ አለ። አብረውኝ ተራ የሚጠብቁት እትዬ ዘሐራ፣ ወረታ ሩዝ የሚነግዱ ትልቅ ሴት፣ ትከሻቸው ደርቆባቸው ነው የሚመጡት። ሕጉን ሲሰሙ «ወላሂ፣ ብርድ ነው የመታን ብለን መጣን፤ እነሱ ደግሞ አራቁተው ያስቀምጡናል» ብለው አሳቁን። ያ አግዳሚ ወንበር ከቤቴ የበለጠ የሳቅሁበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓቱ ሲሞላ ሁለት እጆቼን ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘረጋሁ። ይበልጣል የካሜራውን መስታወት ወደ እኔ አዞረልኝ። «ቀይና ቢጫው ሞቃት ነው፤ ሰማያዊው ቀዝቃዛ» አለኝ።

ግራ እጄ እንደ ጧፍ በርታለች፤ አምስቱም ጣቶቼ እስከ ጫፋቸው ቢጫ ናቸው። ቀኝ ክንዴም ከክርኔ ጀምሮ እየበራ ይወርድና አንጓዬ ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ጨርቁና እጄ አንድ ሆነዋል። እጅ የለም።

«የታለች?» አልሁት።

«ይቺውልሽ፤ ጠርዟን እዪ። ከግራዋ በጣም ቀዝቅዛለች።»

አለቀስሁ። የፈራሁ መሰለውና ሊያጽናናኝ ጀመረ። ፍርሃት አልነበረም። አራት ወር ሙሉ ማንም ያላመነኝን ነገር፣ ያ ዕቃ ምንም ሳይጠይቀኝ መሰከረልኝ። ደግሞም ያላየሁትን አሳየኝ፤ ለካ ሰው ቁጭ ባለበት እንዲህ እየበራ ነው የሚኖረው! ይበልጣል በካሜራው ፊት ሲያልፍ መስታወቱ ላይ ፊቱ ሲያበራ አየሁ፤ አፍንጫው ብቻ ቀዝቅዛለች። ሁላችንም መብራት ይዘን እንዞራለን፣ አናውቀውም።

«ልብ በይ» አለኝ፣ «ይህ የሚያሳየው የቆዳሽን ሙቀት ብቻ ነው። ሕመምሽን አያይም።» ሰማሁት፤ ልቤ ውስጥ ግን አልገባም።

ከዚያ በደረቴ አስተኝቶ በትከሻዎቼ መካከል ከአከርካሪዬ ግራና ቀኝ ቀስ ብሎ ያሽ ጀመር።

«አንተ ልጅ፣ የታመመው ወዲያ፣ የምታሸው ወዲህ!»

«የእጅሽን ደም ሥር ጥበብና ስፋት የሚያዝዙት ነርቮች ከዚህ አካባቢ ነው የሚነሡት። እጅሽን በግድ አንነካም፤ ከላይ ጀምረን እንለምናት።»

ሲጨርስ እንደገና ፎቶ አነሣኝ። አንጓዬ ላይ ቆሞ የነበረው ብርሃን አንድ አውራ ጣት ያህል ወደ ታች ወርዷል። የተወለድሁት የቆጋ መስኖ አጠገብ ነው። ውኃ ወደ ደረቀ ቦይ ሲለቀቅ እያየሁ ነው ያደግሁት፤ መጀመሪያ ይቆማል፣ አፈሩን ያረጥባል፣ ከዚያ ደግሞ ትንሽ ይሄዳል። በገዛ ክንዴ ውስጥ ያንኑ አየሁ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሲያነሣኝ ብርሃኑ ወደ ቦታው ተመልሶ ነበር። እሱም መመለሱን ጻፈ። እኔ ግን ከመመለሱ ይልቅ መውረዱን ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ፎቶውን በወረቀት አትሞልኝ ነበርና ለሙሉቀን ሰጠሁት። ቆሞ አየው፤ ቁጭ ብሎም አየው። «እኛ ብረት ስንነካ ቀለሙን አይተን ነው» አለ በመጨረሻ። «ያንቺን ግን ቀለሙን ሳላይ ድኗል አልሁ።» በሚቀጥለው ቀጠሮዬ ሱቁን ዘግቶ ሆስፒታል አብሮኝ ሄደና ከእትዬ ዘሐራ አጠገብ ተቀመጠ። «አንተ ነህ የማታምነው ባል?» ብለው እስኪያልበው ቀለዱበት።

ሕክምናው በሳምንት ሁለት ቀን ነበር። ቤቴም የማደርገው ተሰጠኝ፤ እጄን በጥጥ፣ ከዚያ በለስላሳ ጨርቅ፣ ከዚያ በፎጣ በየቀኑ ትንሽ በትንሽ ማስለመድ። እያለቀስሁም አደረግሁት።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ፎቶው ቆመ። እንደገባሁ ሰማያዊ፣ ከታሸሁ በኋላም ሰማያዊ። የይበልጣልን ፊት አነበብሁ። ሁለት ጊዜ አነሣኝ፣ ካሜራውን ጠራረገ፣ ሦስተኛ አነሣኝ። ያን ሰሞን የማስበው ይህን ብቻ ነበር፦ ለውጥ ካልታየ ይተወኛል፤ እሱ ከተወኝ ወደ ማን እሄዳለሁ? እጄ እንዲሁ ቀረች ማለት ነው። ከፍርሃቱ ላይ ደግሞ ይሉኝታ ተጨመረ። ላቡን እያፈሰሰ የሚያሸኝ የሰው ልጅ፣ በአስተማሪዎቹ ፊት በእኔ እጅ ምክንያት ይፈር?

የአራተኛው ሳምንት የፎቶ ቀን እትዬ ዘሐራ ሙቅ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ትከሻቸው ላይ ይዘዋል። የእሳቸው ፎቶ በሌላ ቀን ነበርና አልተከለከሉም።

«እትዬ ዘሐራ፣ እስቲ ለጥቂት ጊዜ ያውሱኝ» አልኋቸው።

«ላንቺ ዛሬ ክልክል አይደለም እንዴ?»

«ለትንሽ ነው። እሱም ደስ ይበለው ብዬ ነው።»

«ደስ ይበለው? ሙሽራ ነው?» አሉና ሰጡኝ። «ተይ ልጄ፣ ኋላ ያሳፍርሻል።»

ነጠላዬ ሥር ይዤው ገባሁ። ብቻዬን በተቀመጥሁበት ሩብ ሰዓት ሙሉ በቀኝ መዳፌ ጨብጬ ያዝሁት። የእግሩን ኮቴ ስሰማ ጠርሙሱን ነጠላዬ ውስጥ ጠቅልዬ ወንበሩ ሥር ሸጎጥሁና እጆቼን እንደ ጨዋ ሰው ጨርቁ ላይ ዘረጋሁ።

መጀመሪያ የእጄን ጀርባ አነሣ። ሰማያዊ። «ገልብጪ» አለኝ። ገለበጥሁ። መዳፌ ነደደ፤ ቀይ ብቻ ሳይሆን መካከሉ ነጭ ሆነ። ይበልጣል ፈገግ አለ። ፈገግታው ግን ብዙ አልቆየም። እጄን እንደገና አስገለበጠኝ። ጀርባው ሰማያዊ፣ የጣቶቼ ጫፎች ሰማያዊ፣ መዳፌ ላይ ብቻ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቀይ ነገር። ካሜራውን ዝቅ አደረገው። ቀሚሴ ላይ ጠርሙሱን ያሳረፍሁበት ቦታ በርቷል። የበለጠ ዝቅ አደረገው። ወንበሩ ሥር ነጠላዬ እንደ ፍም ያበራል።

«እታበባ፣ ነጠላሽ ውስጥ ምን አለ?»

«ምንም።»

«‘ምንም’ እንዲህ አይበራም።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። አውጥቼ ሰጠሁትና ሁሉንም ተናገርሁ፤ መፍራቴንም፣ ለእሱ ማዘኔንም። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም፤ ወንበር ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«አምኜው ብጽፍስ ኖሮ?» አለኝ። «ነገ እንዳንቺ ያለች ሴት ትመጣለች። ‘በአራት ሳምንት ይሞቃል’ እላታለሁ። አይሞቅላትም። ከዚያ ጥፋቱ የእሷ ይመስላታል። ያ እንዴት እንደሆነ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሦስተኛው ሐኪም የተቆጣኝ ቁጣ ትዝ አለኝ። እኔው ራሴ ለሌላ ሴት ላወርሰው ነበር። አንገቴን ደፋሁ።

ጠርሙሱን እያገላበጠ ቆየና ድንገት እጁ ቆመ።

«ቆይ። በየትኛው እጅሽ ነው የያዝሽው?»

«በዚህችው።»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ከገባሁ ጀምሮ።»

«ጨብጠሽ?»

«ጨብጬ።»

«አላመመሽም?»

የነጠላ ጫፍ የማታስነካ እጅ! ከፍርሃቴ ብዛት ሕመሙን ማዳመጥ ረስቼ ነበር። ጠርሙሱን መልሶ ዘረጋልኝ። እንደገና ያዝሁት። አመመኝ፤ አዎ አመመኝ፤ ግን ሰው እንደሚያመው ያለ ሕመም ነው። ጣቶቼ አንድ በአንድ ተከድነው ጠርሙሱን ዞሩት። መስታወቱ ላይ ጀርባዋ አሁንም ድፍን ሰማያዊ ነው። በካሜራው ዓይን ያልተለወጠች እጅ፣ ሩብ ሰዓት ሙሉ ይዛ ቆይታለች።

«ካሜራው ይህን አላየም» አለ ይበልጣል ቀስ ብሎ። «እኔም አልጠየቅሁሽም። ሙቀቱን ብቻ ስከታተል ሴትዮዋን ረሳሁ።» የጠርሙሱንም ነገር፣ መጨበጤንም፣ ሁሉንም ጻፈው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከፎቶው በፊት «ምን ያዝሽ? ምን ነካሽ?» ብሎ ይጠይቀኝ ነበር።

ያን ዕለት የገረመኝ ከመጀመሪያው ቀን የበለጠ ነው። መጀመሪያ የገረመኝ ዕቃው ነበር። አሁን የገረመኝ ሥጋ ነው። ማንም ሳያየው፣ እኔ እንኳ ሳላውቀው፣ በዚያ ጨለማ ውስጥ አንድ ነገር እየሠራ ነበር። ፈጣሪ ሥራውን ሲሠራ መብራት አይፈልግም ማለት ነው።

ሳምንቱን ሳልጨርስ ሶስናን በሁለት እጄ አቀፍኋት። መጀመሪያ እሷ ፈራች። «ያምሻል እኮ» አለችኝ። «ያመኛል፣ ግን ነይ» አልኋት።

ሙቀቱ የመጣው ከወራት በኋላ ነው፤ ያውም እየመጣ እየሄደ። «ማሸትህ ነው ያዳነኝ?» ብዬ ብጠይቀው ይበልጣል አልተኩራራም። «ማሸቱ ይሆናል፤ ቤትሽ ያደረግሽው ይሆናል፤ ጊዜውም ይሆናል። ስንት ስንቱ እንደሆነ አላውቅም፤ ላውቅ ነው የምደክመው» አለኝ። «አላውቅም» የሚል ሐኪም ስታገኙ አትሽሹት። እናንተም በፎቶ ቀን ጠርሙስ አትደብቁበት። ያልተሻላችሁን «ተሽሎኛል» አትበሉ፤ የተሻላችሁንም መርምራችሁ ንገሩ። ሐኪሙን ማስደሰት የበሽተኛ ሥራ አይደለም።

ዛሬ በቀን ሁለት ራስ እሠራለሁ። ቀጫጭኑን ሹሩባ ገና አልደፍረውም። ከሐይቁ ነፋስ በሚነሣበት ጠዋት ቀኜ ከግራዬ ቀድማ ትቀዘቅዛለች፤ ጓንት አደርጋለሁ።

ይበልጣል ጥናቱን ሲጨርስ የመጨረሻውን ፎቶ ሊያነሣ ጠራኝ፤ ሶስናን ይዣት ሄድሁ። አንሥቶኝ ሲያበቃ «አንድ ነገር ላሳያችሁ» አለና ሁለቱንም መዳፎቼን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ጥቂት አስቆየኝ። «አሁን አንሺ።» አነሣሁ። በዓይኔ ሳየው ባዶ ግድግዳ ነው። በካሜራው ግን ሁለት እጆች ግድግዳው ላይ ቀርተዋል፤ አሥሩም ጣቶች፣ ማንም ሳይኖርባቸው እያበሩ።

ግራዋ ደመቅ ብላ ቆየች። ቀኟ ቶሎ ቶሎ ትደበዝዝ ጀመር፤ መጀመሪያ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ ቀለበት የሚደረግባት።

«እማ፣ እየጠፋች ነው!» አለች ሶስና። ሮጣ ሄዳ፣ በባዶው ግድግዳ ላይ የት እንደነበረች በግምት ፈልጋ፣ ትንሿን መዳፏን ለጠፈችበት። ስታነሣው በእኔው እጅ መካከል ሌላ ትንሽ እጅ በርታ ነበር።